የሚበላውን ያዢልኝ

እኔ ሰው የማምነው ዘግይቼ ነው። ሱቄ ውስጥ የሚሠሩት ልጆች ያውቁኛል፤ ክር ሊገዛ የገባ ሰው ገና አፉን ሳይከፍት ዓይን ዓይኑን ነው የማየው። መርካቶ ነው እንዲህ ያደረገሽ ይሉኛል። መርካቶም የራሱ ድርሻ አለው፤ ግን የጀመረኝ በዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ እንጀራ እናታችን ሙሚና ታናሽ ወንድሜን ጠይብን ቀስ እያለች እየገደለችው እንደሆነ «የደረስኩበት» ጊዜ።

ዘመኑ ደርግ ነው፣ ሰባ ሦስት ዓመተ ምሕረት። ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ ስድስት አባወራ አንድ ቧንቧ የሚጋራበት ግቢ ውስጥ ነበር የምንኖረው። አባቴ በሽር የወሎ ሰው ነው። እህል በረንዳ፣ መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ የተቀደደ ጆንያ ይጠግናል። ማታ ሲገባ ሹራቡ ላይ ኑጉም ሰሊጡም ተሰግስጎ ይመጣል። እናታችን ጠይብን ወልዳ ዓመት ሳይሞላው ሞተች። አባቴ ሦስት ዓመት ብቻውን ታግሎ ታግሎ፣ ሙሚናን ከደሴ አገባና አመጣት።

«እማ በሏት» አለን።

ጠይብ ሌላ እናት አያውቅም፤ በማግስቱ «እማ» አላት። እኔ ግን እንደ ጎረቤት «እትዬ ሙሚና» አልኳት። እሷም ምንም አላለችኝ። ዝም ማለቷን ራሱ አልወደድኩላትም፤ ዝም የሚል ሰው የሚያስበው ነገር አለ ብዬ ነበር።

መጀመሪያ የጠረጠርኳት አስተያየቷን ነው። ጠይብ በልቶ ሲነሳ ትይዘውና ወደ መስኮቱ ብርሃን ትወስደዋለች። ሸሚዙን ገልባ ጀርባውን ታያለች፣ ሆዱን ታያለች። «ምላስህን አውጣልኝ» ትለዋለች። ከዚያ ከንፈሩን በአውራ ጣቷ ገልብጣ ውስጡን ታያለች። የቄራ ነጋዴ በሬ ሲገዛ እንደዚያ ነው የሚያየው። ጠይብ ደግሞ ሞኝ ነው፤ የሚጫወቱለት መስሎት ይስቃል።

ልጁ ያብጥ ነበር። አንዳንድ ቀን ሳማ እንደለበለበው ሁሉ ፊቱና አንገቱ ላይ ቀይ ሽፍታ ይወጣበታል፣ ከንፈሩ ይነፋል፣ ማታ ላይ ይጠፋለታል። ጎረቤታችን እትዬ በለጥሻቸው «ምች ነው» ይሉና ዳማከሴ አሽተው ያሸትቱታል። እኔ የማየው ግን ሌላ ነው። ያበጠ ቀን ያበሰለችው ማን ነው? ሙሚና። ያጎረሰችው ማን ነው? ሙሚና። እሷ ሳትመጣም ያብጥ እንደነበር ያስታወስኩት ካደግኩ በኋላ ነው። ያኔ ልብ ብሎ ቀኑን የሚይዝለት ሰው አልነበረም፣ ሌላ ልዩነት የለውም።

ቀጥሎ አባቴን ያዘችው። ማታ ደክሞት ሲገባ ጠይብ ሮጦ ሊጠመጠምበት ሲል መሃል ትገባለች።

«የዘኪያ አባት፣ ሹራቡን ውጭ ያውልቁ። ሳይታጠቡ ልጁን አይንኩት።»

«ልጄን ለማቀፍ ፈቃድ ላውጣ?» ይላል አባቴ። የመጀመሪያ ሰሞን እየሳቀ ነበር፤ በኋላ በኋላ ሳቁ ቀረ። በብርዱ፣ ክረምት ለክረምት፣ ቧንቧ ሥር ቆሞ ሲታጠብ ሳየው አንጀቴ ይበላኛል። ልጁን ከአባቱ እየነጠለችው ነው አልኩ። ጆንያው ላይ ያለው ትቢያ ይሆን እንዴ ልጁን የሚያሳብጠው ብላ እንደነበር ማን ይንገረኝ? ለእኔ የሚነግረኝ ሰው አልነበረም፤ የሚያወሩት ከጭንቅላቴ በላይ ነው።

ቧንቧ ላይ ሴቶቹ ሲያወሩ የምሰማውም አልረዳኝም። አንድ ቀን እትዬ በለጥሻቸው ባልዲያቸውን እየሞሉ፣ «ልጁ አልተስማማውም እኮ፤ እሷ ከገባች ወዲህ ባሰበት» ሲሉ ሰማኋቸው። ምኑ እንዳልተስማማው አልጨረሱትም። እኔ ጨረስኩላቸው።

ጥርጣሬዬን እርግጥ ያደረገው የቀበሌው ክሊኒክ ነው። እዚያ አስናቀው የሚባል ድሬሰር ነበር፤ ድሬሰር ይሁን እንጂ ሰፈሩ በሙሉ «ዶክተር» ነው የሚለው። ሐምሌ ላይ ሙሚና ጠይብን አዝላ፣ እኔን በእጇ ይዛ ሄደች። እኔን ከመጋረጃው ውጭ አግዳሚ ላይ አስቀምጠውኝ እነሱ ውስጥ ገቡ። ጆሮዬን መጋረጃው ላይ ለጠፍኩ።

«ሽፍታ ብቻ ከሆነ አትደንግጪ፤ አጥበሽው ጠብቂው» ይላል ጋሼ አስናቀው። «ከንፈሩ ሲያብጥ ዓይንሽን እንዳትነቅይ። ድምፁ ሲለወጥ፣ ትንፋሹ ሲያፏጭ፣ ወይ አስመልሶት ሲዝለፈለፍ ግን፣ አንድ ደቂቃ አትቆዪ። ይዘሽልኝ ነይ።»

«አባቱ ሥራ ላይ ቢሆንስ?» ትላለች ሙሚና።

«አባቱን አትጠብቂ። ማንንም አታስፈቅጂ። እስከዚያ ያበጠ ያበጠ ቀን የሚበላውን ያዢልኝ። አለርጂ ነው እንጂ ሌላ አይመስለኝም።»

አለርጂ። እንዲህ የሚባል ሰው አላውቅም። የዐረብ ስም መሰለኝ። ወንድሜ ድምፁ ሲለወጥ፣ አባቴ ሳያውቅ፣ ይዛው ልትመጣ ነው፤ ከዚያ ለአለርጂ ሊሰጡት ነው። ዛሬ ሳወራው ያስቃል። ያኔ ግን «ይዘሽው ነይ» የሚል ቃል ከቀበሌ ግቢ ሲወጣ የሚስቅ ሰው አልነበረም። የእትዬ በለጥሻቸውን ልጅ ሀብተ ወልድን «ለአንዳንድ ጥያቄ» ብለው ከምሳ ላይ አንስተው ይዘውት ከሄዱ ሦስት ዓመት አልፎ ነበር። እሳቸው አሁንም በር በተንኳኳ ቁጥር ይነሳሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሙሚናን እከታተላት ጀመር። ሽንት ቤት ስንት ጊዜ እንደሄደች ሳይቀር እቆጥርባት ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ጠይብ ከንፈሩ አብጦ ተኝቷል። ሙሚና ከበሩ ኋላ ቁጢጥ ብላ አየኋት። ጭኗ ላይ ከአሮጌ ነጠላ የተቀደደ ረጅም ቁራጭ ጨርቅ ዘርግታለች። በሁለት ጣቷ ከሳህን አንድ ነገር ቆነጠረች፣ ጨርቁ ላይ አስቀመጠችው፣ እፍ አለችበት፣ አጥብቃ ቋጠረችው። ከእሱ በፊት ስድስት ቋጠሮ በተርታ ተቋጥሯል። ጠቅልላ ፍራሹ ሥር ሸጎጠችው።

ቁርአን ቤት የሚያስቀሩን ኡስታዝ ዘይኑዲን፣ ቋጠሮ እየቋጠሩ፣ እፍ እያሉበት ሰው ላይ የሚደግሙ ሰዎች እንዳሉ በዚያው ሰሞን ነግረውን ነበር። ሌሎቹ ልጆች ሲረሱት እኔ ሦስት ቀን እንቅልፍ አጥቼበታለሁ። ሙሚናን ባየኋት ማግስት ቀረብ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ኡስታዝ፣ ቋጠሮውን ያገኘው ሰውስ ምን ያደርጋል?»

ጢማቸውን እየነካኩ አዩኝ። «ቢስሚላህ ብሎ ይፈታዋል። ቋጠሮው ሲፈታ ነገሩም ይፈታል» አሉኝ፤ ማን ምን አገኘ ብለው ግን አልጠየቁኝም።

የፈታሁት የፍልሰታ ጾም በገባ በሦስተኛው ቀን ነው። ሙሚና የቀበሌ ሱቅ ስኳር መጥቷል ተብሎ ሰልፍ ልትይዝ ወጣች። ልጁን እንዳበላ የተፈቀደልኝ እሷ ያስቀመጠችውን ብቻ ነው፤ «ከሰው ቤት እንዳይቀምስ» ብላ አስጠንቅቃኝ ሄደች። ድምጿ ከበር እንደራቀ ፍራሹን አነሳሁ። ቁርአን እየቀራሁ፣ በጥርሴም በጥፍሬም ሰባቱንም ፈታሁ። አንዱ ውስጥ ምስር፣ አንዱ ውስጥ አብሽ፣ አንዱ ውስጥ የደረቀ የዳቦ ፍርፋሪ፤ ሌሎቹን አላስታውስም፤ ሦስቱ ውስጥ ግን ከሌላው ጋር ተደባልቆ ነጫጭ ደቃቅ ፍሬ ነበረ። ሁሉንም ዝናቡ የሞላው ቦይ ውስጥ በተንኩት። ጨርቁን አጥፌ ቦታው መለስኩ። እንዲህ ቀልሎኝ አያውቅም፤ ወንድሜን አድኜዋለሁ።

ነገሩ ከተፈታ ደግሞ ጠይብ ምን ያስፈራዋል? እጁን ይዤ እትዬ በለጥሻቸው ቤት ወሰድኩት። ከሳምንታት በፊት ጀምሮ «ያቺ ሴትዮ ልጁን ከኔ ቤት ከለከለችው» እያሉ ያዝኑ ነበር። ሲያዩን ፊታቸው በራ። ጾመኛ ናቸው፤ የሱፍ ፍትፍት ሠርተዋል። በትልቁ ሳህን አቀረቡልን። ጠይብ እስከ ክርኑ እየተዝረከረከ በላ። እኔ እሱን እያየሁ ጠገብኩ።

ሳህኑ ሳይነሳ ማከክ ጀመረ። አፉ ዙሪያ ቀላ፣ ጆሮው ቀላ፣ እጁን አፉ ውስጥ ከቶ «ጉሮሮዬን በላኝ» አለ። ከዚያ የበላውን ሁሉ አስመለሰው።

«ምች ነው፣ ምች ነው የኔ ጌታ» አሉ እትዬ በለጥሻቸው። «ዘኪያ፣ እንዳትንቀሳቀሱ። ዳማከሴ ከላይኛው ግቢ ቀንጥሼ መጣሁ።» ነጠላቸውን ተከናንበው በዝናቡ ወጡ።

«ዘኪያ» አለኝ ጠይብ። ድምፁ የሱ አልነበረም። ጎርንኖ፣ የሽማግሌ ድምፅ ሆኗል። ትንፋሹን ሲስብ ደረቱ ውስጥ ያፏጫል።

ያ ሐምሌ ላይ የሰማሁት ነገር በሙሉ መጣብኝ። ድምፁ ሲለወጥ። ትንፋሹ ሲያፏጭ። አንድ ደቂቃ አትቆዪ፣ ይዘሽልኝ ነይ። ቋጠሮውን ዘግይቼ ነው የፈታሁት አልኩ። ወዲያው ደግሞ ግቢው ውስጥ የሙሚና ድምፅ ተሰማ፤ ልጆቹ ወዴት ሄዱ እያለች ሰው ትጠይቃለች።

ጠይብን ጎትቼ የእትዬ በለጥሻቸው የብረት አልጋ ሥር ገባሁ። የአልጋ ልብሱ እስከ መሬት ይደርሳል። እዚያ ከከሰል ጆንያ ጋር ተጣብቀን ተኛን። በሩ ተገፋ። እግሯን አየሁት፤ ጭቃ የለበሰ የላስቲክ ጫማ።

«እትዬ በለጥሻቸው? ዘኪያ? ጠይቤ?»

ጠይብ ድምፅዋን ሲሰማ ሰውነቱ ሁሉ ወደ እሷ ሄደ። «እማ» ሊል አፉን ከፈተ። አፉን ያዝኩት። በሁለት እጄ፣ ባለኝ ጉልበት ሁሉ። በአፍንጫው ሲያፏጭ መዳፌ ላይ ይሞቀኛል፤ ጣሪያው ላይ የሚወርደው ዝናብ ፉጨቱን ዋጠው። በትንንሽ እጆቹ እጄን ሊያላቅቅ ይታገለኛል። ሙሚና ትንሽ ቆመች። ከዚያ ወጣች።

ወንድሜን የምወደው ከምንም በላይ ነበር። ይሄንን የምለው ለማመካኛ አይደለም።

እጆቹ መታገል ሲያቆሙ ነው የደነገጥኩት። ለቀቅኩት። ከንፈሩ ያበጠው ሳያንስ ጠቁሯል፤ ዓይኑ ተከድኗል። ያኔ ሙሚናንም አለርጂንም መፍራቴን ረሳሁ። ከአልጋው ሥር እየወጣሁ ጮህኩ። የጮህኩትም «እማ» ብዬ ነው።

ከግቢው በር ተመለሰች። አንዴ አየችው። ምን ሆነ፣ የት ነበራችሁ፣ አላለችም። አንስታው ደረቷ ላይ ለጥፋ በጭቃው ሮጠች፤ አንዱ ጫማዋ ቦይ ላይ ቀረ። እኔም ከኋላዋ ሮጥኩ። መንገድ ላይ አንድ ሰው «አባቱን ልጥራልሽ?» ሲላት ዞራ እንኳ አላየችውም።

ጋሼ አስናቀው ልጁን ሲያየው ከወንበሩ ዘሎ ተነሳ። ሱሪውን እንኳ አላወለቀለትም፤ በላዩ ላይ ጭኑን ወጋው። «አድሬናሊን ነው» አለ ለማንም ሳይሆን፣ ዓይኑን ከልጁ ደረት ሳይነቅል። መጀመሪያ ፉጨቱ ቀጠነ፣ ከዚያ ጠይብ አንድ ረጅም ትንፋሽ ሳበና አለቀሰ። ሙሚና መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«ሰሞኑን የያዝሽልኝ አለ?» አላት ጋሼ አስናቀው።

«አለ። ያበጠ ቀን የበላውን፣ ዳር ዳሩን ሳይቀር ይዤልሃለሁ። ሰባት ሆኗል።» ወደ እኔ ዞረች። «ዘኪያ፣ ፍራሹ ሥር ቁራጭ ጨርቅ አለ፣ የተቋጠረ። ሮጠሽ አምጪልኝ።»

አልተንቀሳቀስኩም።

«ጨርቅ?» አለ ጋሼ አስናቀው። «እኔ ያዢልኝ ስልሽ እኮ አጽፊልኝ ማለቴ ነው።»

ሙሚና መሠረተ ትምህርት ገብታ ገና ከ«ለ» አላለፈችም። የሚጽፍላት ሰው መለመን አፍራ፣ ያዢ የተባለችውን እንደተባለችው ይዛዋለች፤ ከእያንዳንዱ ምግብ ቆንጥራ፣ ዱቄቱን እፍ ብላ፣ እንዳይደባለቅ ለየብቻ ቋጥራ።

«ፈታሁት» አልኩ።

ሙሚና አየችኝ። ያ እይታ ቁጣ አልነበረበትም፤ ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። በዚህ መሃል እትዬ በለጥሻቸው ዳማከሴውን በእጃቸው ጨምድደው፣ እያለከለኩ ገቡ።

«ምን አበላችሁት?» አለ ጋሼ አስናቀው።

«የሱፍ ፍትፍት ነው እንጂ ሌላ ምን አበላዋለሁ። ሱፉ አልበቃ ቢለኝ ሰሊጥ ቀላቀልኩበት፣ በቃ።»

«ሰሊጥ» አለች ሙሚና ቀስ ብላ። በጣቶቿ ቆጠረች። «የኢድ ማግስት፣ ዳቦው ላይ ሰሊጥ ነበረ። ሐላዋ የሰጡት ቀን፣ ሰሊጥ። አባቱ ከነሹራቡ ያቀፈው ቀን፣ ከእጁ ላይ የለቀምኩት ሰሊጥ ነው።» ጨርቁ ባይኖርም ሁሉንም በልቧ ይዛው ነበር።

ጋሼ አስናቀው ደህና ቢመስልም ተመልሶ ሊነሳበት ይችላል ብሎ በታክሲ ወደ ሆስፒታል ሰደደን። አባቴ እዚያ ነው የደረሰብን። በሩ ላይ ሹራቡን አውልቆ ጥሎ በሸሚዝ ገባ። ሙሚና በአልጋው በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላው በኩል ቆመናል።

«አባባ» አለ ጠይብ በዚያ በሻከረ ድምፁ። «አፌን ያዘችኝ። እምቢ አለችኝ።»

«ማን?»

«እሷ» አለ፣ ዓይኑን ጨፍኖ።

አባቴ ማንን ያየ ይመስላችኋል? የዘጠኝ ዓመት ልጅ ማን ያያል። ያ ሁሉ የቧንቧ ወሬ፣ ያ ሁሉ «ሳይታጠቡ አይንኩት» ፊቱ ላይ ተሰበሰበ። ሙሚና ከአልጋው ሥር እንደወጣሁ አይታለች፤ ክንዴ ላይ የከሰሉ ጥቁረት አልለቀቀም። እስክትናገር ጠበቅኩ።

«ስሮጥ ደረቴ ላይ አጥብቄ ይዤው ነበር» አለች። «ያኔ ይሆናል።»

አባቴ አላመናትም። እኔም አፌን አልከፈትኩም።

ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት ውስጥ ስምንት ወር ቆየች። አባቴ አልመታትም፣ አላባረራትም፤ ከእሷ እጅ የቀረበ ምግብ ግን ጠይብ ቀድሞ እንዳይቀምስ፣ እኔ እንድቀምስለት አደረገ። እንደዚያ የምትኖር ሴት የለችም። ሚያዝያ ላይ ደሴ ዘመዶቼን ልጠይቅ ብላ ሄዳ ቀረች። የሄደች ዕለት ጠዋት ጓዳ ጠርታኝ፣ ሽፍታ ብቻ ሲሆን ምን እንደማደርግ፣ ድምፁ ሲለወጥ ምን እንደማደርግ ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ። ስለ እጄ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ከዚያ ወዲህ ጠይብን ከሰሊጥ የጠበቅኩት እኔ ነኝ። ዘመድ አዝማዱ «ወንድሟን ከሞት ያተረፈች» እያለ አመሰገነኝ፤ ምስጋናውንም ተቀበልኩ።

ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሱቅ ሆኜ ጠይብ ደወለ። ትንሿ ልጁ ኬክ በልታ ከንፈሯ እንዳበጠ፣ ድምፅዋ እንደጎረነነ ነገረኝ። «ምን ትጠብቃለህ፣ ይዘሃት ሂድ» አልኩት። ከሁለት ሰዓት በኋላ መልሶ ደወለ። ተወግታ ተሽሏታል፣ ለክትትል ታድራለች። ድምፁ ደስ ብሎታል፣ ማውራት አማረው።

«ሐኪሟ በቤተሰብ ማን አለበት ስትለኝ እኔ አልኳት። የታወቀብኝም እንጀራ እናቴ አፌን አፍና ልትገድለኝ የሞከረች ቀን ነው አልኳት። ደነገጠች ሴትዮዋ።»

ይሄንን ታሪክ በሠርጉም፣ በለቅሶም ሲያወራው ሰምቼዋለሁ። አርባ አራት ዓመት ሙሉ ዝም ብያለሁ። ግን ልጅቷ ከኋላው «አባዬ» ስትል ሰማኋት፤ ድምፅዋ ያ የጠይብ ድምፅ ነበር።

«ጠይብ፣ የሙሚና እጅ አልነበረም» አልኩት።

የሆስፒታሉ ኮሪደር ጫጫታ ይሰማኛል።

«የማን ነበር?»

«የኔ።» የአልጋውን ሥር፣ ቋጠሮውን፣ ድሬሰሩን፣ ሁሉንም ነገርኩት።

«በሕይወት አለች?» አለኝ ስጨርስ።

«አለች። ደሴ ናት።»

«ስልኳ አለሽ?»

«አለኝ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አሥራ አንድ ዓመት ሆነው» አልኩት።